ኳሱም ተቀመጠ፣ ሌባውም ተቀመጠ

በደችኛ ነገር ዝም ብሎ አይኖርም። እኛ «አለ» ብለን በአንዲት ቃል የምንገላገለውን ጉዳይ፣ ሆላንዶች ቆሞ ይሁን፣ ተጋድሞ ይሁን፣ ተቀምጦ ይሁን ሳያጣሩ አይናገሩትም። የስኪፖልን አውሮፕላን ማረፊያ እንውሰድ። እኛ ብንሆን ማረፊያው አምስተርዳም አጠገብ አለ፣ አውሮፕላኑ በሩ ላይ አለ፣ ተሳፋሪው ውስጥ አለ ብለን እናልፋለን። ሁሉም አለ፣ ሁሉም ሰላም ነው። በደችኛ ግን ማረፊያው ተጋድሟል፣ አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ተሳፋሪው ተቀምጧል። ማረፊያው በመጋደሙ እንኳ አልፈርድበትም። ቦታው በ1852 ውሃው ተመጥጦ እስኪደርቅ ድረስ ትልቅ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬም ከባሕር ጠለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። የሐይቅ ወለል ላይ የተሠራ ነገር ቢጋደም ያምርበታል።

መቆሙን «ስታን»፣ መጋደሙን «ሊኸን»፣ መቀመጡን «ዚተን» ይሉታል። «ሊኸን» ስትሉ ጉሮሮ የመጠራረግ ያህል ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ትግርኛ የሚችሉ የደችኛ ክፍል ጓደኞቻችን እዚህች ፊደል ላይ ጥለውን ነው የሚሄዱት። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሦስተኛው ግስ ነው። መቆምና መጋደም ብዙውን ጊዜ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ አእምሮ ያለው ሰው ቀስ በቀስ ይደርስበታል። ዚተን ግን ስሙ መቀመጥ፣ ሥራው ሌላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከምግብ ጠረጴዛ ነው። የደችኛ አስተማሪያችን ወጣት ልጅ ናት። በስሜ ጥሩኝ ብትልም፣ ከመካከላችን ያሉት እናቶች «ቲቸር» ከማለት አልተመለሱም። እሷም አንድ ቀን ሳህን፣ ሹካና ብርጭቆ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ብርጭቆው ቆሟል አለች። እሺ። ሹካው ተጋድሟል አለች። እሺ። ሳህኑ ቆሟል አለች። እዚህ ላይ ክፍሉ ተረበሸ። ሳህን የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር፣ ከሹካው እኩል ከጠረጴዛው ጋር ተለጥፎ የተዘረጋ፣ በምን ሒሳብ ቆመ? ልጅቷ ሳህኑን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት አሳየችን፤ ሳህን መቀመጫ አለው፣ ስለዚህ ይቆማል። ሹካ መቀመጫ የለውም፣ ስለዚህ ይጋደማል። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት ቀስ ብለው «እኔም መቀመጫ አለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን የምቆመው አውቶቡስ ውስጥ ነው» አሉ በአማርኛ። አልተተረጎመም።

በዚህ አላበቃም። እኛ ከ«ተቀመጠ» «አስቀመጠ» እንደምንለው፣ እነሱም ከ«ዚተን» የወጣች «ዜተን» የምትባል ቃል አለቻቸው፤ ትርጉሟ በአመጣጧ «እንዲቀመጥ ማድረግ» ነው። ታዲያ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ስታደርጉት በዚህች ቃል ነው የምትናገሩት፤ አስቀመጣችሁት ማለት ነው። ካስቀመጣችሁት በኋላ ሳህኑ ምን ሆነ? ቆመ። አስቀመጥኩት፣ ቆመ። ይህን የሚሰማ የኛ አገር ሽማግሌ ሳህኑ መንፈስ አድሮበታል ብሎ ጠበል ይረጨዋል። ሰውም ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሰውየው ይቀመጣል፣ ወንበሩ ይቆማል፤ አንዱ የሚያርፈው ሌላው ቆሞለት ነው፤ ይህ እንኳ በየትም አገር ያለ ነው።

ሰዋስዉን በአጭሩ ልለፈው፤ ወግ እንጂ ፈተና አይደለም። «ኢክ ዚት» እኔ እቀመጣለሁ ነው። በሌሎች ግሶች አንተም እሱም ላይ መጨረሻው ላይ «ት» ይጨመራል፤ ዚት ግን ራሱ በ«ት» ስለሚያልቅ ሌላ አይጨመርለትም። ስለዚህ እኔም ዚት፣ አንተም ዚት፣ እሱም ዚት፤ ለጀማሪ እንደዚህ የሚራራ ግስ ብዙ የለም። ላለፈው ጊዜ ነጠላው «ዛት» ነው፣ ብዙው «ዛተን»፤ የተፈጸመው ደግሞ «ኸዜተን»። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ዚት አንድ ቲ ይበቃዋል፣ ዚተን ግን ሁለት ቲ ይጠይቃል፤ አንዷን የረሳ ሰው ድምፁ ተለጥጦ ሌላ ቃል ይሆንበታል። በዚህ በኩል የግዕዝ ፊደልን የፈጠሩ አባቶቻችንን ሳላመሰግን አላልፍም።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ደቾች አንድን ነገር እያደረግን ነው ለማለት ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ አቀማመጣቸውንም አብረው ይነግሯችኋል። እያነበብኩ ነው ከማለት ይልቅ ተቀምጬ አነባለሁ ይላሉ። ቆሜ አጥባለሁ፣ ተጋድሜ አስባለሁ። ይህን ስሰማ ባዕድ አልሆነብኝም። እናቴስ «ምን ቁጭ ብለህ ትለፈልፋለህ?» ስትለኝ አይደል ያደግኩት? ቆሜ እየለፈለፍኩ ቢሆንም ቁጭ ብለህ ነው የምትለው። ሆላንዳዊትም እናት ልጇን «ተቀምጠህ አትነዝንዘኝ» ስትለው ልጁ ቤቱን እየዞረ ሊሆን ይችላል። መነዝነዝን ከመቀመጥ ጋር ያቆራኘው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ተስማምተዋል። ብቻ ያው አባባል ወዳለፈ ጊዜ ሲሄድ ጉድ አለው። ሳነብ ቆየሁ ለማለት «ኸዜተን» ይመጣል ብላችሁ ስትጠብቁ አይመጣም፤ «ኢክ ሄብ ዚተን ሌዘን» ይባላል። ግሱ የጊዜውን ልብስ ሳይለብስ፣ እንደተወለደ፣ ከሌላው ግስ ጎን ተሰልፎ ይወጣል። እንዴት ሆኖ ብላችሁ ብትጠይቁ «እንዲህ ነው» ነው መልሱ። ደችኛ ውስጥ ብዙ ነገር እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን ለኛ ተመቻችቶልናል። ዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ ሁለተኛ ቦታ ይይዛል፤ «ምክንያቱም» ወይም «እንደሆነ» ዓይነት ነገር ሲመጣበት ግን ግሱ ተነሥቶ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። እንግሊዝኛ የለመዱ ተማሪዎች እዚህ ላይ ያለቅሳሉ፤ ግስ እስኪመጣ መጠበቅ አያውቁበትማ። እኛ ግሱ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ ተወልደን፣ ሰውየው መጣ ይሁን አልመጣም ሳናውቅ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡና ስለ በቅሎው ሰምተን የምንጨርስ ሰዎች ነን። ትዕግሥቱ አለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዚተን ሲባል መቀመጥ መስሏችሁ ከተቀመጣችሁ ተሸወዳችሁ። ሻይ ውስጥ ስኳር ካለ ስኳሩ ተቀምጧል። ሸሚዛችሁ ላይ ወጥ ከፈሰሰ እድፉ ተቀምጧል። ዝንብ ግድግዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ይቺን እኛም እንላለን። ሥዕሉ ግን ተሰቅሏል፣ መስኮቱ ግድግዳው ውስጥ ተቀምጧል። ልጃችሁ እግር ኳስ የሚማር ከሆነ «እግር ኳስ ላይ ይቀመጣል» ይባላል፤ ዋና ላይ ይቀመጣል፣ ጁዶ ላይ ይቀመጣል። ላቡ ጠብ እስኪል የሚሮጠው ልጅ ተቀምጧል። ባቡር ውስጥ ብረቱን ተንጠልጥሎ፣ ሦስት ሰው እግሩን ረግጦት የሚሄደው መንገደኛ ስልክ ሲደወልለት «ባቡር ውስጥ ተቀምጫለሁ» ይላል፤ ውሸት አይደለም። ፖሊስ ሌባ ሲያባርር ፖሊሱ ከሌባው ኋላ ተቀምጧል። ሱቅ ውስጥ ልጃችሁ ብርጭቆውን ሊነካ እጁን ሲሰድ «አትቀመጥበት!» ነው የሚባለው፤ አትንካ ማለታቸው ነው። መሮጥ፣ መንጠልጠል፣ ማባረር፣ መንካት፤ አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ሲያርፍ አያችሁ?

ማርተን ለመንስ የተባሉ የቋንቋ ምሁር ስለ መቀመጥ፣ መቆምና መጋደም ግሶች በ2002 በታተመ አንድ መጽሐፍ ውስጥ የደችኛዎቹን ጎልጉለው ጽፈዋል፤ አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ሲታቀፍ ወይም ከሌላው ጋር ጥብቅ ብሎ ሲያያዝ ዚተን የሚመጣበትን መንገድ ያሳያሉ። እኔም በተራ ሰው አእምሮዬ ስፈትሸው የደረስኩበት ይኸው ነው። ዚተን ማለት ተይዟል ማለት ነው። ስኳሩ በሻይ ተይዟል፣ እድፉ ሸሚዙን ይዟል፣ ልጁን ኳስ ይዞታል፣ መንገደኛውን ባቡሩ አፍኖ ይዞታል፣ ፖሊሱ ሊይዝ ነው። በዚህ ቁልፍ ብትከፍቱ አብዛኛው በር ይከፈታል። የማይከፈትም አለ፤ እሱን እንደ ሆላንዶቹ «እንዲህ ነው» ብላችሁ እለፉት።

ቁልፉ በደንብ የሠራልኝ እግር ኳስ ሳይ ነው። ኳሷ ሣሩ ላይ ሳለች ተጋድማለች። አጥቂው መትቶ መረብ ውስጥ ሲከታት ተንታኙ ከወንበሩ ዘሎ «ሄይ ዚት!» ብሎ ይጮኻል፤ ቃል በቃል «ተቀመጠ!» ነው። ጎል ማለት ነው። ያቺው «ሄይ ዚት» ያለ ጩኸት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር ላይ ስትነገር ትርጉሟ «ታስሯል» ነው። የት እንደተቀመጠ መናገር አያስፈልግም፤ ሰው ተቀመጠ ከተባለና ቦታው ካልተጠቀሰ ወህኒ ነው። ኳሱም በመረብ፣ ሰውየውም በብረት።

እዚህ ላይ ነው አማርኛችን የሚያስፈጀን። እኛ ዘንድ መቀመጥ መኖር ነው። «የት ነው የምትቀመጠው?» ስንባል ሠፈራችንን እንናገራለን። ሥራ ያጣም ሰው «ተቀምጫለሁ» ነው የሚለው። የሠፈራችን ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሥራ ለማፈላለግ አንድ መሥሪያ ቤት ቀርበው የተነጋገሩትን እሳቸው ራሳቸው በቡና ሰዓት ሲያወሩልን ሆዳችንን ይዘን ነው የምንሰማቸው። ወጣቷ ሠራተኛ ሆላንድ ከመምጣታቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ጋሼ ካርቱም መኖራቸው ወረቀቱ ላይ ስለተጻፈ ከተማውን መጥራት አላስፈለጋቸውም። «ኢክ ሄብ ድሪ ያር ኸዜተን» አሏት፤ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ ማለታቸው ነው።

ልጅቷ መጻፏን አቆመች።

«በምን ምክንያት?»

«ወንድሜ እዚያ ስለነበረ።»

«ወንድምዎም ተቀምጠዋል?»

«እሱማ አሥር ዓመት ተቀምጧል። ሚስቱም አብራው ተቀምጣለች። ልጆቹ እዚያው ተቀምጠው ነው ያደጉት።»

«ልጆቹም?»

«አሁን እንኳ እግዜር ይመስገን ወጥተዋል። ካናዳ ናቸው።»

ልጅቷ ውሃዋን ጠጣች። ከዚያ የሥራ ሥርዓቷን ሳትለቅ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ፣ አሁን ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

«ጥበቃ» አሉ ጋሼ።

ቆይቶ አስተርጓሚ ተጠርቶ ነገሩ ተፈታ። ሥራውም ተገኘ፤ ጥበቃ ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው እኛ ሠፈር ዚተንን ሰው እንደ ቁም ነገር ይዞ ማጥናት የጀመረው። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአዲስ መጤዎች ሕግ ደግሞ አብዛኛውን ሰው ቢ1 ወደሚባለው የቋንቋ ደረጃ ከፍ እንዲል ይጠይቃል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ከዚተን ሳይጋጩ መድረስ አይቻልም። የመጽሐፉ ምሳሌ ሲያልቅ የመንገዱ ይጀምራል። ሐዘን የተጫነው ሰው «ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል»፤ የተመቸው «ጽጌረዳ ላይ ተቀምጧል»፤ እሾሁን የት እንዳደረጉት እንጃ። ኪሱ ባዶ የሆነ «ጥቁር ዘር ላይ ተቀምጧል»። ሌሎች አጥፍተው ጣጣው እሱ ላይ የቀረ ሰው «ከተጠበሱት ፒሮች ጋር ተቀምጧል» ይባላል። ሥራ ሲጠናቀቅ «ተቀምጦበታል»። አንድ ነገር አልጥምህ ሲልህ «ተቀምጦ አይታየኝም» ትላለህ። ሰው ጥሩ ሐሳብ ሲሰነዝር «እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ተቀምጧል» ብለህ ታደንቀዋለህ። ሱሪ ሲለኩ ደግሞ «ጥሩ ተቀምጧል» ከተባለ ልክህ ነው፣ «ጥሩ ቆሟል» ከተባለ አምሮብሃል። ተቀምጦ የማይቆም ሱሪ አለ፤ ቆሞ የማይቀመጥም አለ፤ ሁለቱንም ገዝተን ለብሰናል።

ጠግቤያለሁ ለማለትም «ሞልቼ ተቀምጫለሁ» ነው የሚሉት። አንድ ሆላንዳዊ ጎረቤታችን ለፋሲካ ቤታችን ተጋብዞ፣ ዶሮውን በልቶ፣ ሆዱን እያሸ ይችኑ አለ። ከእንግዶቹ አንዲት አክስት ከቃሉ ውስጥ መቀመጥን ብቻ ስለሰሙ «እሰይ! ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ የት ትሄዳለህ!» ብለው ጉርሻ ጠቅልለው ተነሡ። የፋሲካ ጉርሻ ደግሞ አንድ አይደለም። ሰውየው ያን ቀን የተነሣው ሲመሽ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ስለ መቀመጥ ይህን ያህል ሲጨነቁ ሰነፎች መስለዋችሁ እንዳይሆን። 18 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ 23 ሚሊዮን ያህል ብስክሌት ያለው አገር ነው። ብስክሌት መንዳት ደግሞ «ብስክሌት ላይ መቀመጥ» ነው። እንግዲህ ተቀምጠው እየሄዱ ነው የሚውሉት፤ በዝናብ፣ በነፋስ፣ ከፊት ልጅ ከኋላ ልጅ ጭነው። ሲያርፉ ደግሞ በክብ ይቀመጣሉ። የልደት በዓላቸውን አይታችሁ እንደሆነ ወንበሩ ግድግዳውን ተከትሎ ይደረደራል፣ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ይተያያል፣ አንድ ቁራሽ ኬክና አንድ ስኒ ቡና ይታደላል። የሚመጣው እንግዳ ከመጀመሪያው ወንበር እስከ መጨረሻው እየጨበጠ ሁሉንም እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፤ ባለልደቱን ብቻ ሳይሆን እናቱን፣ አማቹን፣ ከፎቅ የወረደውን ጎረቤትም ጭምር። የዘመድ አዝማዱን የልደት ቀን የሚያስታውሳቸው የቀን መቁጠሪያ የሚሰቀለው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። ብልህነት ነው፤ ሰው ሁሉ ሳይቸኩል የሚቀመጥበት ቦታ እሱ ነው።

እዚያ ክብ ውስጥ የሰማኋት አንዲት ነገር ሆላንዶችን ይበልጥ አቀረበችልኝ። ሽማግሌ ሰው ሲገባ የተቀመጡት ለመነሣት ከወንበራቸው ብድግ ማለት ሲጀምሩ፣ የገባው እጁን እያወዛወዘ «ብሌይፍ ዚተን፣ ብሌይፍ ዚተን» ይላል። እንደተቀመጣችሁ ቆዩ ማለት ነው። እኛስ? «ኖር!» ተብሎ ሲነሡልን «በእግዜር! ይቀመጡ» እንል የለ? እነሱ እግዜርን ትተውታል፣ ከዚያ በቀር ነገሩ አንድ ነው። እኛ ግን ተቀመጡ ብንባልም ካልተነሣን ደስ አይለንም፤ እነሱ ተቀመጡ ሲባሉ ይቀመጣሉ። ትዕዛዝ አክባሪ ሕዝብ ነው።

ሥልጣንም ከዚሁ ግስ ይወጣል። የእኛ ምክር ቤት መሪ አፈ ጉባኤ ነው፤ የጉባኤው አፍ። የእነሱ «ፎርዚተር» ነው፤ ከፊት ተቀማጭ። ዘ ሄግ ያለው 150 ወንበር ያለው ምክር ቤታቸው ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ሁሉም ንግግር በፎርዚተሩ በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ ተቃዋሚውን ሊወቅስ የተነሣ ሁሉ በየዓረፍተ ነገሩ ከፊት የተቀመጠውን ይጠራል። የንብረት ባለቤት መሆንም «በዚተን» ይባላል፤ አንድን ነገር ተቀምጦበት እንደመያዝ ነው። እኛ መሬትን «ይዞታ» ስንል በእጅ የያዝነው አስመስለን ነው፤ እነሱ በላዩ ተቀምጠውበታል። የባሕርን ወለል አድርቆ አገር ላደረገ ሕዝብ ይህ ቃል ሲያንስ ነው፤ ከላዩ ተነሥተው ቢሄዱ ውሃው ይመለሳላ።

ዚተን ራሱ ወደ መዝገበ ቃላት ለመግባት ብዙ ተቀምጧል። የደችኛ ትልቁ የታሪክ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ1864 ሲሆን የመጨረሻው የተጠናቀቀው በ1998 ነው። በ«ዜድ» የሚጀምር ቃል እንግዲህ ተራው የሚደርሰው ወደ መጨረሻው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

በእነሱ ስንስቅ የኛም እንዳይረሳ። ከሠፈራችን ልጅ ጋር የተጋባ አንድ ሆላንዳዊ አማርኛ በመማር ላይ ነው። ተቀመጠን፣ አስቀመጠን፣ መቀመጫን በደብተሩ በሚገባ ጽፎ ይዟል። አንድ ጠዋት አማቱ እንዴት አደሩ ሲላቸው «ምን አደርኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠኝ ነው ያደረው» አሉት። እሱም በጣም ተቆጥቶ «ማን? ማን ነው ያስቀመጠዎት?» አለ። ባሏ ለእናቷ ጠበቃ ሲቆም ያየችው ሚስት ሳቋን ስትጨርስ ተቅማጥ የሚባለው በሽታ ከየትኛው ግስ እንደሚወለድ አስረዳችው። ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰው «አስቀመጠኝ» ሲል ወንበር ይሁን ሆድ ሳያጣራ አይመልስም። ሌላ ቀን ደግሞ ገበያ ሄደው፣ ሚስቱ ስለ አንድ ነጋዴ «ተወው፣ ቁጭ በሉ ነው» ስትለው ሰውየው ነጋዴውን አመስግኖ ሊቀመጥ ወንበር ፈለገ። ለአጭበርባሪ «ቁጭ በሉ» የሚል ስም ያወጣ ሕዝብ፣ ኳስን ተቀመጠ በሚሉ ሰዎች ላይ ጣቱን ባይቀስር ይሻለዋል።

የሆነ ሆኖ አንዷን የዚተን ትርጉም ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆይቻታለሁ፤ ቤተሰብ የምትነካ ናት። ያቺ በበዓል ላይ የሰማናት «ብሌይፍ ዚተን» ትምህርት ቤት ስትገባ ጠባይዋ ይለወጣል። ልጅ «ብሌይፍት ዚተን» ከተባለ፣ እንደተቀመጠ ይቆያል ማለት ነው፤ ጓደኞቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ እሱ እዚያው ወንበር ላይ ይቀራል። ክፍል ደገመ ማለት ነው። እንደዚህ ያለውን ልጅ «ዚተንብሌይፈር» ይሉታል። የኛ ወላጆች ደግሞ ከአስተማሪ የሚጠብቁት ክስ አንድ ብቻ ነው፤ ልጅዎ አርፎ አይቀመጥም የሚለው። ስለዚህ አስተማሪው ፊቱን አጥቁሮ «ልጅዎ ተቀምጦ ይቆያል» ሲላቸው፣ በደስታ እጁን ይዘው «እግዜር ይስጥልን! ቤት እኮ አንድ ደቂቃ አይቀመጥም!» ያሉ አባት አውቃለሁ።

እንግዲህ ሆላንድ ውስጥ ልጅ የምታስተምሩ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ለስብሰባ ስትጠሩ ይህችን ቃል ከሰማችሁ አታመስግኑ። በየትኛው ትምህርት እንደወደቀ ጠይቁ።